ፎቶ አንስቶ መጣል ማዳን አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ገጽ ላይ አንድ ቪዲዮ ሼር አድርጌ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ አሮጌ የአርኬድ ጌም ማሽን ጋራዥ ወለል ላይ በጎኑ አስተኝተው፣ ክዳኑን የነቀሉትን ስካነር ፊቱን ወደ ታች ደፍተው፣ የማሽኑ ጎን ላይ ያለውን ሥዕል ቁራጭ በቁራጭ ስካን ሲያደርጉ ያሳያል። አንዱ ስካነሩን እያንቀሳቀሰ ያስቀምጣል፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። ሙዚቃ የለው፣ ቀልድ የለው። እኔ ግን እስከ መጨረሻው አየሁት።

ኮመንቱን ያነበበ ያውቃል። «ቲቸር፣ ክረምቱ ሥራ አስፈታህ እንዴ?» ያለኝ አለ። «ሰው የዘይት ዋጋ አሳስቦታል፣ አንተ የፈረንጅ መጫወቻ ሳጥን!» ያለችኝም አለች። ስቄ አለፍኩ። አንዱ ግን ከነከነኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ማተሚያ ቤት ባነርና ስቲከር ይሠራል፤ ጎበዝ ልጅ ነው። እንዲህ አለ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? በሞባይል አንድ ፎቶ ማንሳት፣ በኤአይ ማጥራት፣ አሮጌውን መጣል። አለቀ።» ይሄ ኮመንት ከራሴ ፖስት የበለጠ ላይክ አገኘ።

አላለቀም ወንድሜ። ዛሬ መልስ ልሰጥህ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና የምታፈሉ አፍሉ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። የእኔ እኩዮች ያደግነው ጌም ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ብር ይዘን አግዳሚ ላይ ተደርድረን የፕሌይስቴሽን ተራ እየጠበቅን። አርኬድ ከዚያ በፊት የነበረ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ሳንቲም ሲገባበት የሚሠራ ማሽን ነው። አገሩ አሜሪካና ጃፓን ነው። አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፖንግን በ1972 አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የጃፓኑ ታይቶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን፣ ናምኮ በ1980 ፓክማንን፣ ኔንቲዶ በ1981 ዶንኪ ኮንግን አመጡ።

የእነዚህ ማሽኖች ስክሪን ድሃ ነበር። የፓክማን ምስል ወርዱ 224፣ ቁመቱ 288 ፒክሴል ነው። አባዙት፤ 64,512 ነጥብ ብቻ። በዚያች ጠባብ ቦታ ፓክማን ማለት አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ቢጫ ክብ ነው። ዓይን የለው፣ እግር የለው። ሚድዌይ የተባለው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ያመረተው ሳጥን ጎን ላይ ግን ዓይንም እግርም አለው፤ ይራመዳል። በ1981 የወጣውን ሴንቲፒድን ውሰዱ፤ ዶና ቤይሊ እና ኤድ ሎግ አታሪ ቤት የሠሩት ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የተቀጣጠሉ ትንንሽ ክቦች ናቸው። ሳጥኑ ላይ ያለው ግን ልጅ በሕልሙ የሚያየው ዓይነት አውሬ ነው።

ማለትም ስክሪኑ ያልቻለውን ሥዕሉ ይሞላ ነበር። ልጁ ሳንቲሙን ከማስገባቱ በፊት ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈራ፣ እሱ ራሱ ማን እንደሆነ የሚነግረው ሥዕሉ ነው። ጎኑ ላይ አለ፤ አናቱ ላይ እንደ ሱቅ ላይት ቦክስ ከኋላው መብራት የሚበራበት አለ፤ ጆይስቲኩ የተተከለበት ሰሌዳ ላይ አለ፤ ስክሪኑን ከብቦ በመስተዋት ጀርባ የታተመ አለ። አብዛኛው በሲልክ ስክሪን የታተመ ነው፤ ቲሸርት የምታትሙ ታውቁታላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት አለው። አንዳንዱ ስቲከር ላይ፣ አንዳንዱ በቀጥታ እንጨቱ ላይ። ብዙው ላይ የሠዓሊው ስም የለም።

ታዲያ የት ሄደ? ማሽኑ የንግድ ዕቃ ነበር። ጨዋታው ገበያ ሲያጣ ባለቤቱ አይጥለውም፤ ውስጡን አውጥቶ ሌላ ጨዋታ ይገጥምበታል፤ የጎኑን ሥዕል ደግሞ ጥቁር ቀለም ይቀባዋል ወይም አዲስ ስቲከር ይለጥፍበታል። በ1983 አሜሪካ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ገበያ ሲወድቅ አርኬድ ቤቶቹም አብረው ተንገዳገዱ። የተረፈው ማሽን መጋዘንና ምድር ቤት ገባ። እርጥበት የመስተዋቱን ቀለም ቅርፊት እያደረገ ያነሣዋል። ፀሐይ ቀዩን ያደበዝዘዋል። ስቲከሩ ይሸበሸባል። አሁን የቀረው የቀረው ነው፤ በየዓመቱ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

«ጌሞቹ ድነዋል እኮ» የሚል ይመጣል። እውነት ነው፤ ኮዱ ድኗል። በ1997 ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ ማሜ የሚባለውን ሶፍትዌር ጀመረ፤ ብዙ ሰው ተረባርቦበት በሺዎች የሚቆጠሩ የአርኬድ ጌሞች ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። በ2014 ኢንተርኔት አርካይቭ በብራውዘር እንዲጫወቱ አደረጋቸው። በ2012 የኒውዮርኩ ሞማ፣ ያ ትልቁ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ፓክማንን ጨምሮ 14 ጌሞችን ወደ ስብስቡ አስገባ። ሲያሳያቸው ግን ሳጥኑን ትቶ ስክሪንና መቆጣጠሪያ ብቻ ነው ያቀረበው። ለእሱ የራሱ ምክንያት አለው። የእኔ ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ ሳጥኑ ከጨዋታው ውጭ ነው ያለው ማነው?

ስፔስ ኢንቬደርስን እንይ። በትልቁ ቋሚ ሳጥን ውስጥ ስክሪኑ ፊት ለፊት አይደለም ያለው። ተጋድሟል። ምስሉ ግማሽ በሚያሳልፍ መስተዋት ላይ ያርፍና ወደ ተጫዋቹ ይንጸባረቃል፤ ከመስተዋቱ ጀርባ ደግሞ በቀለም የተሣለ የጨረቃ ገጽታ አለ። ልጁ የሚያየው ጠላቶቹ ጨረቃ ላይ ሲወርዱ ነው። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ቀለሙን የሚሰጡት ባለቀለም ግልጽ ፕላስቲኮች ናቸው። አሁን ኮዱን ክፈቱና ጨረቃዋን ፈልጉ። የለችም። አንድም መስመር የለም። ጨረቃዋ ካርቶን ላይ ያለ ሥዕል ናት። እሷን በሥነ ሥርዓት ስካን ያደረገ ሰው ካልነበረ፣ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የምትጫወቱት ባዶ ጥቁር ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ጌጥ አይደለም፤ የጨዋታው ግማሽ አካል ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወደ ባለ ማተሚያ ቤቱ።

«በሞባይል አንድ ፎቶ» አልክ። እንቁጠረው፤ ሒሳብ አይዋሽም። የሳጥኑ ጎን ቁመቱ 180 ሴንቲ፣ ወርዱ 75 ሴንቲ ነው እንበል። በ300 ዲፒአይ ስካን ቢደረግ ቁመቱ ከ21,000 በላይ፣ ወርዱ ወደ 8,900 ፒክሴል ይሆናል፤ በጠቅላላው ወደ 188 ሚሊዮን። ሳይጨመቅ ፋይሉ ከ500 ሜጋባይት በላይ ነው። ባለ 12 ሜጋፒክሴል ስልክህ በረጅሙ በኩል 4,000 ፒክሴል አለው። ለ180 ሴንቲ ስታካፍለው 56 ዲፒአይ ይደርስሃል። ሃምሳ ስድስት! ደንበኛ ከፌስቡክ የወረደ ሎጎ በቴሌግራም ሲልክልህ ምን እንደምትለው እኔ ነኝ የማውቀው።

አዎ፣ «ባነር በ72 ዲፒአይ እናትም የለም ወይ?» ልትል ነው። ባነር ከመንገድ ማዶ ነው የሚታየው። ይሄን ሥዕል ልጁ ጆይስቲክ ይዞ በክንድ ርቀት ነው የሚያየው። ደግሞስ ጉዳዩ ማተም ብቻ ነው እንዴ? ጉዳዩ መመዝገብ ነው። ቀለም በቀለም ላይ የት ጋ እንደተደረበ፣ ወንፊቱ በስንት ሚሊ እንደሳተ፣ መስመሩ በእጅ ይሁን በማስመሪያ የተሰመረ፣ ይሄ ሁሉ የሚነበበው ዝርዝሩ ሲኖር ነው። በዚያ ላይ ስልክ መስመር ያጎብጣል፣ አንድ ጎኑን ያጨልማል፣ የመስኮቱን ብርሃን መሐል ላይ ያንጸባርቃል። ስካነር ብርሃኑ እኩል ነው፤ ልኩ ልክ ነው፤ አንድ ሴንቲ አንድ ሴንቲ ናት።

ስካነር አምላክ ነው አላልኩም። ትልቁ ባለ ሮለር ስካነር፣ የምሕንድስና ቢሮዎች ፕላን የሚያስገቡበት ዓይነት፣ ለጠፍጣፋና ለሚተጣጠፍ ነገር ነው እንጂ መስተዋት አያስገባም፤ ቀለሙ የሚላላጥ ስቲከር ብታስገባበት ሮለሩ ራሱ ቀሪውን ይፍቀዋል። የተለጠፈን ስቲከር ከእንጨት ልንቀል ብትል ይቀደዳል፤ ለዚህ ነው እነዚያ ሁለት ሰዎች ሥዕሉን ወደ ስካነሩ ከመውሰድ ስካነሩን ወደ ሥዕሉ የወሰዱት። በኤ4 ስካነር ለአንድ ጎን ከ30 በላይ ቁራጭ ማንሳት አለባቸው፤ ቁራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ መደራረብ አለባቸው፣ አለዚያ አይገጥሙም። የሚያበራ የፍሎረሰንት ቀለም ካለ ስካነሩ በትክክል አያነሣውም፤ ስለዚህ ከቀለም ናሙና ጋር አስተያይቶ በጽሑፍ መመዝገብ ግድ ነው። ከኋላው መብራት ያለውን የአናቱን ሥዕል ደግሞ ከፊት ብቻ ብታነሣው መብራት ሲበራ የሚመስለውን አታገኝም። አየህ? ድካሙ ከንቱ አይደለም። እያንዳንዱ ድካም አንድ የሚጠፋ ነገር ይከላከላል።

«በኤአይ ማጥራት» ያልከው ደግሞ የባሰ ነው። ኤአይ አያጠራም፤ ይገምታል። የሌለውን ነገር ያለ አስመስሎ ይሞላል። ታች ጥግ ላይ ልጆች በጫማ እየረገጡት የተላጠ ቦታ አለ፤ ኤአይ እዚያ «መሆን የነበረበትን» ይሥላል። መሆን የነበረበትን በምን አወቀ? ሁለት ቀለም በትክክል ሳይገጣጠም የቀረ ቀጭን ነጭ ክፍተት አለ፤ ኤአይ ቆሻሻ ነው ብሎ ይደፍነዋል። ያ ክፍተት እኮ የአታሚው እጅ ነው! ጥግ ላይ ምናልባት በጣም ትንሽ ፊደል አለች፤ የሠዓሊው ስም ልትሆን ትችላለች። ኤአይ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ያደርጋታል። ስሙን ያልጻፈውን ሠዓሊ ረሳነው፤ ስሙን የጻፈውንም በገዛ እጃችን ልንፍቀው ነው።

ልብ በሉ፣ እንደ አዲስ መሣልን አልተቃወምኩም። ስካኑን መነሻ አድርጎ እያንዳንዱን ቀለም በቬክተር ለይቶ የሚሥል ሰው ባለሙያ ነው፤ ስቲከሩ ታትሞ ማሽኑ ላይ ሲለጠፍ ደስ ይላል። ግን ያ የእሱ ሥራ ነው። አንድ ሥዕል ለሁለት ሰዎች ስጡ፤ ሁለት ዓይነት መስመር ይዘው ይመጣሉ። የትኛው ልክ ነው? ዳኛው ያልተነካው ስካን ብቻ ነው። ዳኛውን ጥለህ ክርክሩን በምን ትፈታለህ?

ስለዚህ ሥዕሉን እንወዳለን ከሚሉት ጋርም ጠብ አለኝ። አንዱ ማሽኑን «ላድሰው» ብሎ መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ሥዕል ፍለጋ ኢንተርኔት ይገባል። ወንድሜ፣ ስካን መጀመሪያ፣ ጥገና ቀጥሎ! ሌላው በትጋት ስካን ያደርግና ፋይሉን ደብቆ ስቲከር ይሸጣል። ገንዘብና ጊዜ አውጥቷል፣ ይሽጥ፤ የባለመብቱን ኩባንያ ጉዳይ ከባለመብቱ ጋር ይጨርስ። ያልተነካውን ፋይል ግን አንድ ቅጂ ለሚጠብቅ ተቋም ይስጥ። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚይዙ ሙዚየሞች አሉ፤ ኒውዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ ያለው ስትሮንግ ሙዚየም የአታሪን የአርኬድ ክፍል ሰነዶችና ሥዕሎች ይዟል። የአንድ ሰው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ያለ ፋይል ግን የአንድ ቀን ብልሽት ነው የሚያጠፋው።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ፣ ቅጂና እውነተኛው የሚለያዩበትን ነገር እኛ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ካታሎግ የተሠራው ከዚያ ነው። ትልቅ ባለውለታ ሥራ ነው፤ ጽሑፉን አድኗል። ፊልሙ ግን በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀዩ የቅዱሳን ስም፣ የሐረጉ ቢጫና አረንጓዴ፣ የሥዕሉ ሰማያዊ፣ ፊልሙ ላይ ሁሉም ግራጫ ነው። ያን ጊዜ አቅሙ ያ ነበር፤ ማንንም አልወቅስም። መጽሐፉ ካለ ሄደን ቀለሙን እናያለን። መጽሐፉ ከጠፋ ግን ቀለሙን ከየት እናመጣለን? ቅጂው የያዘውን ያህል ብቻ ነው የሚተርፈን።

እነሱ ያን ጊዜ አቅም አጥተው ነው። እኛ ዛሬ አቅሙ እያለን «አንድ ፎቶ ይበቃል» የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰኔ ላይ የትምህርት ቤታችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ አንድ ጥቅል አቡጀዲ አገኘን። ዘርግተን አየነው፤ ሁለት ሜትር የሚሆን የደም ዝውውር ሥዕል ነው። እኔን ራሴን ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጽሐፍ ባልነበረበት ጊዜ በእጃቸው የሣሉት። ደም ወሳጁ በቀይ፣ ደም መላሹ በሰማያዊ፣ እያንዳንዷ ስም በእጅ ጽሑፋቸው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። «ምን እናድርገው?» አሉኝ። የአይሲቲ መምህሩ እኔ ነኛ! ስልኬን አወጣሁ፣ አንድ ፎቶ አነሣሁ፣ «ዲጂታል አድርጌዋለሁ፣ ጣሉት» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። ሌላ ማንም አላለም።

ዓምና ልጃቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣች። «አባዬ የሣለው ሥዕል አለ ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አለች። ስልኬን ከፈትኩላት። ፍላሹ መሐሉ ላይ ነጭ ሆኖ ቦግ ብሏል። ልቡ አይታይም። ፊደሎቹን ለማጉላት በጣቷ ከፈት ከፈት አደረገች፤ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነው ቀሩ። አንድም ቃል አልተነበበም። «ምንም አይደል መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ክረምቱ ሥራ አስፈትቶኝ አይደለም ያንን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ያየሁት። ጋራዥ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሠዓሊ 30 ጊዜ ስካነር የሚያነሡና የሚያስቀምጡ ሰዎች አየሁ። እኔ ስማቸውን ለማውቃቸው፣ ላስተማሩኝ ሰው አንድ ቀን አልሰጠሁም።

ስለ ዘይት ላልሽኝ እህቴ፦ ልክ ነሽ፣ ዘይት ይቀድማል። ግን የተከበረው ዕቃ ጠባቂ አያጣም፤ ዘውዱም ታቦቱም ባለቤት አለው። የሚጠፋው ሁልጊዜ ተራው ነው፤ የመጫወቻ ሳጥኑ፣ የፀጉር ቤቱ ታፔላ፣ የመምህሩ አቡጀዲ። ተራ ነው ብለን ስለምንንቀው ነው የሚጠፋው። ደግሞ ለማዳን የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ቀንና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ አለባችሁ። ማርክ የለውም፤ መኮረጅ ይፈቀዳል። ማተሚያ ቤት፣ የምሕንድስና ቢሮ፣ ካርታ ሥራ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ትልቅ ስካነር ያለበትን ቦታ ታውቃላችሁ። ሊጣል የተዘጋጀ በእጅ የተሣለ ነገር ስታዩ፦ ከመታጠቡም ከመጠገኑም በፊት ስካን አድርጉት። ቢያንስ በ300 ዲፒአይ፤ ማስመሪያና የቀለም ናሙና አጠገቡ አድርጋችሁ። ቀለሙ የሚላላጥ ከሆነ ሮለር ውስጥ እንዳታስገቡት። ፋይሉን በጄፔግ ሳይሆን በቲፍ አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል። ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ማን እንደሣለው፣ የት እንደነበር በሁለት መስመር ጻፉ። ማሳመሩን፣ ማጥራቱን፣ ኤአዩን ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ፣ በቅጂው ላይ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ስካን ስላደረጋችሁት ብቻ ዋናውን አትጣሉት። የነገ ስካነር ከዛሬው ይሻላል።

አንተ ባለ ማተሚያ ቤቱ፣ አልተቀየምኩህም። እንዲያውም ላስቸግርህ ነው። ሌላ አሮጌ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ሦስት ጥቅል እንዳለ ሰምቻለሁ፤ የማን እጅ እንደሆነ ገና አላየሁም። ቅዳሜ መኪናህን ይዘህ ና። ስልክህን ቤት ተወው።